አባባ ሸምሱ የተከተቡ ዕለት

ባለፈው ግንቦት ነቀምቴ ተመልሼ በገበያው መሃል ሳልፍ፣ አንዲት ሴት በሙቀጫ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጥ ደረስኩ። ሽታው ሽቅብ ወጥቶ አፍንጫዬን ሰነጠቀው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና «ፌጦው ነው፤ ያስለቅሳል» አለችኝ። «አዎ፣ ያስለቅሳል» አልኳትና አጠገቧ ትንሽ ቆምኩ። በወረርሽኙ ዓመት የአባባ ሸምሱ ሱቅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሞ እንደገና ሲከፈት ተማሪው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሻችን አንድ ቀን እንማራለን፣ ግማሻችን በማግስቱ። እናቴ ባኬ ጃማ ካለው ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። አባቴ እኔ ገና ስድህ አርፏል፤ ቤታችን ውስጥ ከእሷና ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ዘመዶቻችን ሁሉ ጎጃም ናቸው። ስለዚህ ትምህርት በሌለኝ ቀን ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ማዶ ካለው ሱቅ ታደርሰኝና «አባባ ሸምሱ፣ አደራዎን» ብላ በዚያው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

አባባ ሸምሱ ከጉራጌ አገር በጉርምስናቸው መጥተው ነቀምቴ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ሴቶች ልጆቻቸው አዲስ አበባ አግብተው ይኖራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ማስካቸው ሁልጊዜ አገጫቸው ላይ የሚንጠለጠል ሽማግሌ ነበሩ። ኦሮምኛቸው እዚያው ተወልደው ካደጉት ሰዎች አይተናነስም። ሱቁ በራፍ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ «አካም ቡልተን?» ብለው አዳሩን ሳይጠይቁ አያሳልፉም፤ የሰውየው ከብት፣ የሴትዮዋ ምጥ፣ የልጁ ፈተና፣ ሁሉም ይጠየቃል።

የእኔ ሥራ ፌጦ ማበጠር ነበር። በዚያ ዓመት ፌጦ የማይገዛ ሰው አልነበረም። ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ከመደርደሪያው ፊት ተደርድረው ሱቁ የመድኃኒት ቤትና የወጥ ቤት ድብልቅ መስሎ ነበር። እኔ ስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ሰፌዱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከፌጦው ውስጥ አሸዋውን እለቅማለሁ። አባባ ሸምሱ በራፉ ላይ በኖራ ነጭ መስመር አስምረው ነበር፤ ገዢ ሁሉ ከመስመሩ ወዲያ እንዲቆም። እኔ ደግሞ ጉንዳን አመድ እንደማይሻገር ሁሉ በሽታውም ኖራ የማይሻገር መስሎኝ፣ ዝናብ ሲያጥበው በፍርሃት ሰፌዴን ይዤ ወደ ጓዳ እሸሽ ነበር።

ክትባቱ ከተማችን ሲገባ መጀመሪያ የወሰዱት የጤና ሠራተኞች ናቸው። እናቴ በዚያ ቀን ስትመጣ የግራ ክንዷ ላይ ትንሽ ጥጥ ተለጥፎ ነበር። ፊቷ ፈክቶ፣ «እኔ ቀደምኩ፤ አሁን ትንሽ አሳርፎኛል» አለችኝ። ወረርሽኙ ከመጣ ጀምሮ ከሥራ ስትገባ ልብሷን በር ላይ አውልቃ፣ ታጥባ፣ ከዚያ በኋላ ነበር የምታቅፈኝ። በዚያ ቀን ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አቀፈችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሱቅ ውስጥ ያ ወሬ ተነሳ። ዝናብ ስለነበር ሰው መስመሩን ረስቶ ጣሪያው ሥር ተጠልሏል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ማስቲካ እያኘከ፣ «የተከተበ ሰው ሁለት ዓመት አይሞላውም አሉ» አለ። «ክንዱ ላይ ማግኔት ብታስጠጋ ይይዛል። ውስጡ ብረት አለዋ።»

ሱቁ ፊት ለፊት ቲማቲምና ጎመን የምትሸጠው አዴ ሶሬቲ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ፣ «ያ ዋቆ» ብላ አምላኳን ጠራች።

አባባ ሸምሱ ሳሙና በሽቦ እየቆረጡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ፈረንጅ በነጻ የሚሰጠው ነገር አለ? እኔ በበኩሌ ክንዴን አልሰጥም። የቀረኝ ሁለት ዓመትም ቢሆን ዕድሜ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ስኳሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ማንም አላየኝም። አባባ ሸምሱ የማያውቁትን አይናገሩም ብዬ አምን ስለነበር፣ ወሬው በእሳቸው አፍ ሲያልፍ እውነት ሆነብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን መጠበቅ ያዝኩ። ስትበላ አያታለሁ፤ እንጀራ ካስተረፈች ልቤ ይሸበራል። ስታስነጥስ ከውጭ ሮጬ እገባለሁ። ብቻዬን ስቀር የምኖርበትን መላም ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሽሮ መሥራት አስተምሪኝ አልኳት፤ አስተማረችኝ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ አልኩ፤ ገርሟት ፈቀደች። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ጎጃም ያለችው አክስቴ ልጅ ትወዳለች?» ብዬ ጠየቅኋት።

ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «ምነው ሜሮን? ወደ ጎጃም መሄድ አማረሽ እንዴ?»

እኔም ያሰብኩትን ላለመናገር፣ «እንዲያው ነው» አልኳት።

እሷ በዚያ ሰሞን የምትኖረው ኑሮ ምን እንደነበር አሁን ሳስበው ነው የሚገባኝ። ከጥንት ጀምሮ «ሲስተር፣ ሲስተር» እያለ የሚከተላት ሰፈር ፊቱን አዙሮባት ነበር። ክትባት እንዲወስዱ ስለምትመክር፣ በየመርፌው የሚከፈላት ነገር አለ ተባለ። የእሷን ነጭ ጋውን ሲያዩ መንገድ የሚሻገሩ ነበሩ። ጸጉሬን በየቅዳሜው ትሠራልኝ የነበረችው አዴ ሶሬቲ እንኳ የእናቴን ሰላምታ ዓይኗን ወደ ጎመኑ አድርጋ ነበር የምትመልስላት። አንድ ማታ እናቴ ከሥራ ስትመለስ አባባ ሸምሱ ሱቅ ቆማ፣ ሻማ ሊገዛ የገባ ሰው ገዝቶ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ስለ ክትባቱ የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻቸው። ዕድሜዎ ነው፣ ሳንባዎ ነው፣ ባለፈው ብርድ እንዴት እንደጣለዎት ያስታውሱ አለቻቸው። እሳቸውም ሳያቋርጧት ሰምተው ሲያበቁ፣ «አላህ ያውቃል፣ ሲስተር» አሉና በሩን መዝጋት ጀመሩ። ወደ ቤት ስንሻገር እናቴ እጄን አጥብቃ ይዛ፣ «ዝውውር ልጠይቅ ይሆን?» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው። ጎጃም የመሄድ ነገር ከእኔ አፍ ስለሰማች ሐሳቡ እንደጸናባት ያኔ እንዴት አውቃለሁ?

ማግኔቱን ያገኘሁት ከዚያው ሱቅ ነው። አባባ ሸምሱ የተበላሸ ሬዲዮ ነበራቸው፤ የድምፅ ማጉያው ማግኔት ተነቅሎ ሚስማር መልቀሚያ ሆኗል። «አባባ ሸምሱ፣ ይህን ያውሱኝ» ስላቸው ለጨዋታ መስሏቸው ሰጡኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትል ጠብቄ፣ እጅጌዋን ቀስ ብዬ ሰብስቤ፣ ማግኔቱን ጥጡ የነበረበት ላይ አስጠጋሁት። ስለቀው ተንሸራቶ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ደግሜ አስጠጋሁት፤ ደግሞ ወደቀ። እናቴ በእንቅልፍ ልቧ ክንዷን አከክ አከክ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ። ብረቱ ከክንዷ ወጥቶ ወደ ውስጥ፣ ወደ ልቧ አካባቢ የሄደ መሰለኝ።

በማግስቱ ማግኔቱን ልመልስ ስገባ አባባ ሸምሱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ደህናውን ሬዲዮ ከፍተው ሚዛናቸውን ይወለውላሉ።

«ተጫወትሽበት?» አሉኝ።

«አልያዘም» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«የእናቴ ክንድ።»

ጨርቁን አስቀምጠው አዩኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደጀመርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከመደርደሪያው ኋላ ቆሜ እንባዬ ፌጦው ላይ ሲንጠባጠብ፣ እናቴ ስትሞት አክስቴ ባትፈልገኝ እርስዎ ጋ መኖር እችላለሁ ወይ ብዬ መጠየቄን ነው። ሽሮ መሥራት እንደምችል፣ ልብስ ማጠብም እንደለመድኩ ነገርኳቸው።

አባባ ሸምሱ ሬዲዮውን ዘጉት። «ማነው እናትሽ ትሞታለች ያለሽ?»

«እርስዎ» አልኳቸው። «እርስዎና ያ የባጃጅ ሾፌር። ዝናብ የዘነበ ዕለት።»

አንዲት ሴት መጥታ በርበሬ ጠየቀች፤ «ትንሽ ቆይተሽ ነይ» ብለው መለሷት። ገዢ ሲመልሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ጓዳ ገብተው ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱና፣ ካጠገቤ ባለው የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

«ስሚኝ፣ ሜሮን። እኔ ያን ቀን የማላውቀውን ነው ያወራሁት» አሉ።

«እና እውነት አይደለም?»

አይደለም ቢሉኝ በቃኝ ነበር። እሳቸው ግን ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ አሰቡ። «አላውቅም። ሰው ሲል ሰምቼ አልኩ። እናትሽ ደግሞ አይደለም ትላለች፣ እሷ ተምራበታለች። ለአንቺ አይዞሽ ብል አፌ ብቻ ነው የሚለው፤ አንቺም ታውቂብኛለሽ።» ቀጥለውም፣ «እናትሽ የወሰደችውን እኔም እወስደዋለሁ። የእሷ ዕጣ የእኔም ይሁን። ከዚያ በኋላ ብቻሽን አትፈሪም፤ ሁለታችንን አንድ ላይ ታያለሽ» አሉኝ።

እኔ በልጅ አእምሮዬ ይህን የሰማሁት ወጥ ቀምሶ ጨው እንደማየት ያለ ቀላል ነገር አድርጌ ነው። አባባ ሸምሱ ከቀመሱትና ደግ ነው ካሉ፣ ደግ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት ለልጃቸው ሲደውሉ አጠገባቸው ነበርኩ። የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያስከፋኋችሁ ነገር ካለ አፉ በሉኝ» አሉ። ልጃቸው ከወዲያ ጫፍ «አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ስትል ሰማሁ። «ምንም፤ እንዲያው ሰው ነኝ ብዬ ነው» አሏት። እኔ ሽማግሌዎች በስልክ እንዲህ የሚሰናበቱ መሰለኝና ፌጦዬን መልቀም ቀጠልኩ። ያ ሰው እሞታለሁ ብሎ ከልቡ እያመነ መወሰኑን የተረዳሁት አድጌ፣ ያችን «አፉ በሉኝ» ያሏትን ቃል ሳስታውስ ነው።

በነጋታው ጢማቸውን አስተካክለው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ትምህርት ቢኖረኝም ከቤታችን በር ላይ ጠሩኝ። ዝናቡ አባርቶ ቀዩ አፈር ጫማችንን እየያዘ፣ እጄን ይዘው እስከ ጤና ጣቢያው ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ሰላምታውን አላጎደሉም፤ የት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው ሁሉ ግን «ደርሼ መጣሁ» የሚል መልስ ብቻ ነው ያገኘው።

እናቴ ባዶ ክፍል ውስጥ ከክትባቱ ሳጥን አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የመጣ ሰው የለም። ስታየን ደንግጣ ተነሳች።

«አባባ ሸምሱ፣ አሞዎት ነው?»

«አይ፣ ሲስተር። ክንዴን አምጥቼልሽ ነው።»

እናቴ ማስኳ ላይ እጇን አደረገች። «የትኛውን ክንድ? በማይሠሩበት ይሻላል» አለቻቸው።

«በሁለቱም ነው የምሠራው። አንቺ ምረጪ።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ቀጭን ነበር፣ ደም ሥሩ ቆዳው ላይ እንደ ገመድ ተጋድሟል። ማታ ትኩሳት ሊይዝዎት ይችላል፣ ፈሳሽ ይጠጡ፣ አይስጉ እያለች እናቴ ስትነግራቸው እሳቸው የሚያዩት እኔን ነበር። መርፌው ሲገባ «ቢስሚላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት እኔ ላይ ነበር የገለጡት፤ ጥቅሻ ጠቀሱኝ።

በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት ረፈደ። አባባ ሸምሱ ትኩሳት ይዟቸው ጓዳቸው ተኝተዋል። እናቴ ይህን አስቀድማ ብትናገርም፣ መከተባቸው በሰፈሩ ተሰምቶ ስለነበር ከተዘጋው በር ፊት ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ አልቆለታል አለ፤ ሌላው ለልጆቹ ይደወል አለ። እናቴ ፓራሲታሞልና አጥሚት ይዛ ስትሻገር አዴ ሶሬቲ ከጎመኗ ተነስታ መንገዱን ዘጋችባት። እያለቀሰች ነበር።

«ሲስተር፣ ማል ጎቴ? ምን አደረግሽው ይኼን ሽማግሌ?»

እናቴ «ነይ፣ አብረሽኝ ግቢና እዪ» አለቻት። አዴ ሶሬቲ ግን አልገባችም። እኔ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። እናቴ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰች ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አበሰች፤ አጥሚቱን በማንኪያ አጎረሰቻቸው። ማምሻውን ስትወጣ ፊቷ ፈታ ብሏል። «አልቧቸዋል፤ ትኩሳቱ ወርዷል» አለችኝ።

ሲነጋ ከመስኮቴ መጀመሪያ ያየሁት የሱቁን በር ነው፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባባ ሸምሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወንበራቸውን ከነጩ መስመር ወዲህ አውጥተው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሰው እንዲያያቸው ብለው ነው የተቀመጡት። ሰፈሩም አላሳፈራቸውም። ክብሪት ያለው ክብሪት ሊገዛ መጣ፤ ስኳር ከትናንት በስቲያ የገዛ ስኳር ሊገዛ መጣ። እኔ ከትምህርት ቀርቼ እየሸጥኩ እሳቸው ሲታዩ ዋሉ። ክብሪቱ አለቀ።

አዴ ሶሬቲ ከሁሉ በኋላ መጣች። ቲማቲም በዘንቢል ይዛ ፊታቸው ቆመችና፣ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

«ኦቦ ሸምሱ፣ ጅርቱ?» አለች። በኦሮምኛ አሉ ወይ ማለቷ ነው፤ የየቀኑ ሰላምታ ነው፣ በዚያ ጠዋት ግን እንደ ጥያቄ ነበር የጠየቀችው።

«ጅራ፣ ጅራ» አሏት። አለሁ። «ክንዴ ትንሽ ከብዶኛል። ሌላው እንደነበረ ነው።»

ቲማቲሙን እግራቸው ሥር አስቀምጣ ሄደች። ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ ጤና ጣቢያው ክፍሏ ውስጥ ሳለች በሩ ተንኳኳ፤ አዴ ሶሬቲ ነበረች። ስኳር በሽታ አለባት፣ ለዚህም ነው እናቴ ስለ እሷ አብዝታ የምትፈራው። እናቴ እንደነገረችኝ አዴ ሶሬቲ ሳትቀመጥ፣ «ዲፋማ፣ ሲስተር» አለቻት፤ ይቅርታ። ከዚያ ክንዷን ሰጠች። መርፌው ካለቀ በኋላም አልሄደችም፤ እናቴ አጠገብ ተቀምጣ ለሚቀጥለው ገበያ ቀን ሳጥኑን ይዛ ከእሷ የጎመን መደብ አጠገብ እንድትቀመጥ ጋበዘቻት። «እኔ ሰው እጠራልሻለሁ። እኔን ካዩ ይመጣሉ» አለቻት።

መጡም። ሁሉም አይደለም። ያ የባጃጅ ሾፌር እስከ መጨረሻው አልተከተበም፤ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባውን እየነፋ ይስቅብን ነበር። ግን በገበያው ቀን ከኡኬ በቆሎ ይዘው የመጡ ሽማግሌዎችን ሳይቀር አዴ ሶሬቲ እየጎተተች አመጣቻቸው፤ እናቴም ጋውኗን ለብሳ ጎመንና ቲማቲም መሃል ተቀምጣ ስትወጋ ዋለች። ቅዳሜ ሲደርስ አዴ ሶሬቲ ጸጉሬን እንደ ድሮው ሠራችልኝ፤ እንደ ድሮውም አጥብቃ ጎተተችብኝ።

የገበያው ዕለት አመሻሽ ላይ እናቴ እኔን ልትወስድ ሱቅ ገባች። ደክሟታል፣ ደስ ብሏታል። መደርደሪያውን ተደግፋ፣ «አባባ ሸምሱ፣ እውነቱን ልንገርዎትና ዝውውር ልጠይቅ ወስኜ ነበር» አለች። «ያን ማታ እዚህ ቆሜ ያን ሁሉ ስነግርዎት ከግንብ ጋር የማወራ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ለካ ገብቶዎት ኖሯል። እርስዎን ካሳመንኩማ ማንን ነው የማላሳምነው ብዬ ተውኩት።»

እኔ ስኳር በፌስታል እያሰርኩ ነበር። እጄ ቆመ። አባባ ሸምሱም ወደ እኔ ዞር አሉ። ማግኔቱን፣ ፌጦው ላይ ያለቀስኩትን፣ አክስቴን፣ ሽሮዬን፣ ሁሉንም ሊነግሯት ይችሉ ነበር። የማምንበትን ትቼ ክንዴን የሰጠሁት ለልጅሽ ነው ቢሏትም ውሸት አልነበረም።

«ገባኝ እንጂ፣ ሲስተር» አሏት። «አንቺ ስትናገሪ ደህና አድርጎ ይገባል። እኔ ሽማግሌ ስለሆንኩ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ።»

እናቴ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር። እኔ የፌስታሉን አፍ አጥብቄ አሰርኩና ጆንያው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ እጇን ይዤ፣ ኖራው የታጠበበትን በራፍ ተሻግረን፣ ወደ ቤታችን ሄድን። መንገዱን በሙሉ ነገ ስለ ክትባቱ ለማን ለማን እንደምትነግር ስትቆጥርልኝ ነበር፤ ሰፈሩም ገና ብዙ ሰው ነበረው።